ሆስታ ፍለጋ፦ ከቻስካ እስከ ዱቡክ

ሚኒሶታ ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ያለበት ግቢ የገዛ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ሆስታ ወደሚባለው የጥላ ተክል መምጣቱ አይቀርም። ጽጌረዳው ይጫጫል፤ ቲማቲሙ ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም፤ ሣሩም ከሜፕል ዛፉ ሥር እየሳሳ ሄዶ ባዶ መሬት ይቀራል። ሆስታ ግን ከጥላ ጋር ይስማማል። የበረዶው ወራት ሲገባ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ሁሉ ይጠፋና በሚያዝያ መጨረሻ ሹል ቡቃያው አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ ይላል። ብዙ ሰው የሚተክለው ለአበባው ሳይሆን ለቅጠሉ ነው።

ስለዚህ ሻጮች በየዓመቱ አዲስ ቅጠል ማቅረብ ግድ ይሆንባቸዋል። ካታሎጉ የሚመጣው በጥር ነው፤ ውጭው በረዶ፣ ሰውም ማሞቂያ ሥር በተኮራመተበት ሰዓት። በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው ያየውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ ማዘዝ ይቃጣዋል። ፎቶግራፉ ደግሞ ተክሉ በአንድ ጥሩ ቀን የነበረውን መልክ እንጂ በአምስተኛው ዓመት ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ነጩ ጠርዝ በሐምሌ ፀሐይ ይቃጠል ወይም አይቃጠል እንደሆነ አይነግርም። ለመጪው ጸደይ ከማዘዜ በፊት አዳዲሶቹንም ወላጆቻቸውንም በዓይኔ ለማየት የቆረጥኩት ለዚህ ነው። በሰኔ ከሴንት ፖል ስነሣ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ አብረውኝ ነበሩ።

የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አርቦሬተም፣ የዛፎችና የዕፅዋት መናፈሻው፣ ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ቻስካ አጠገብ ይገኛል። የተመሠረተው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሆስታ አዲስ ስም በዓለም አቀፍ መዝገብ የሚሰፍረውም ለብዙ ዓመታት እዚሁ ነበር። ከዛፎቹ ሥር የተዘረጋውን የሆስታ ስብስብ ገና ከሩቅ እንዳዩ አክስቴ ቆም አሉና፣

«ይህ ሁሉ ጎመን ለማን ነው?» አሉ።

ሳቅሁ እንጂ ነገሩስ ብዙም አልራቀም። ሆስታ የጃፓን፣ የኮሪያና የቻይና ተክል ነው፤ ጃፓኖች ለጋ ቡቃያውን ኡሩይ ብለው በገበያ ይሸጡታል፤ ቀቅለውም ይበሉታል። የአሁኑን ስሙን በ1812 ያወጣለት ትራቲኒክ የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ የሰየመውም በአገሩ ልጅ በኒኮላስ ቶማስ ሆስት ስም ነው።

ብዙ የቆምኩት ‹ሃልሲዮን› ፊት ነው። እንግሊዛዊው ኤሪክ ስሚዝ በ1961 ካዳቀላቸው ዘሮች የተገኘ ሰማያዊ ሆስታ ነው፤ ሰማያዊ ይባል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ቅጠሉን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ጠረግሁት፤ ጣቴ ያለፈበት ቦታ ወዲያው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ሰማያዊ የሚያስመስለው ላዩን የሸፈነው ስስ ሰም ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታም ሰሙ ይሳሳና በነሐሴ ተክሉ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ካታሎጎች ሰማያዊ ሆስታን በግንቦት ፎቶግራፍ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ተክል ስንቱ ወጣ! ‹ጁን› ከእርሱ ነው፤ መሐሉ ቢጫ፣ ዳሩ ሰማያዊ አረንጓዴ። ‹ፈርስት ፍሮስት› ከእርሱ ነው። ዛሬ በየመሸጫው የሚታየው ‹ኦተም ፍሮስት› ደግሞ ከ‹ፈርስት ፍሮስት› ወጥቶ የልጅ ልጅ ሆኗል፤ በጸደይ ሰፊ ቢጫ ጠርዝ ይዞ ይመጣና በጋው ሲገፋ ጠርዙ ወደ ክሬም ይለወጣል። እነዚህ አንዳቸውም በማዳቀል የተገኙ አይደሉም። በሚያድገው ጫፍ ላይ ካሉት የሴል ድርብርቦች አንዱ በድንገት ይለወጥና ተክሉ አዲስ መልክ ያለው ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ባለሙያው ያንን ለይቶ ስም ይሰጠዋል። ሆስታ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከጥቂት የተክል ሴሎች በላብራቶሪ፣ በብዙ ሺህ መባዛት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለው ለውጥ በብዛት ይገኛል። በእኔ ግምት በየዓመቱ «አዲስ» ከሚባለው አብዛኛው የታወቀ ቅጠል ጠርዙን ቀይሮ ነው የሚመጣው። ይህን ስል መናቄ አይደለም፤ ‹ኦተም ፍሮስት› በእርግጥ ያምራል። ይሁንና አያቱን ያየ ሰው የልጅ ልጁ ምን ያህል እንደሚያድግና ሰሙ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድሞ ያውቃል።

ከቻስካ ተመልሰን አውራ ጎዳና 52ን ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ከሮቸስተር ካለፍን በኋላ በበቆሎ እርሻዎች መካከል ወዳለ አንድ የችግኝ መሸጫ ጎራ አልን። አዳዲሶቹ በጥላ መረብ ሥር በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ‹ዊ!› የሚባለው፣ ከነቃለ አጋኖው፣ አረንጓዴ ቅጠሉ በክሬም ጠርዝ የተከበበ ነው፤ የጠርዙ እጥፋት ቅጠሉ ላይ አያበቃም፤ በዘንጉ ላይ እስከ ታች ድረስ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ‹ዳይመንድ ሌክ› ሰፊ ሰማያዊ ቅጠል ሆኖ ዙሪያው በሙሉ የሚሞገድ ነው። ሁለቱም የወጡት ሚሺጋን ዚላንድ ካለው የችግኝ አምራች ዋልተርስ ጋርደንስ ሲሆን ሐንስ ሐንሰን የተባለው አዳቃይ የሚሠራውም እዚያ ነው። አጠገባቸው ‹ዳንሲንግ ኩዊን› ነበር፤ ሙሉ ቢጫ፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ፤ የአሜሪካ የሆስታ አብቃዮች ማኅበር የ2020 የዓመቱ ሆስታ አድርጎ የመረጠው ነው። የ2021 ተመራጭ የነበረው ‹ሬይንቦውስ ኤንድ› በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

እኔ የፈለግሁት ግን ቀዩን ነበር። አዳቃዮች ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት ቀይ ቅጠል ነው፤ እስካሁን የተሳካላቸው በአብዛኛው ዘንጉን ማቅላት ነው። ‹ፈርስት ብለሽ› ከዚያ አንድ እርምጃ አልፎ የቅጠሉን ዳር በቀይ መስመር ከብቦታል። ቢሆንም ሰኔ ገብቶ ስለነበር ከቀዩ የቀረው ጥቂት ነው፤ ይህ ቀለም ሙቀት ሲመጣ እየደበዘዘ ይሄዳል።

«ይህች ስንት ናት?» አሉ አክስቴ ማሰሮውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው።

«35 ዶላር።»

ምንም ሳይሉ እንቁላል እንደሚያስቀምጡ አድርገው መለሷት።

በመውጫው በኩል የቆመው ወርቃማ ሆስታ ላይ ነው ዓይኔ ያረፈው። ምልክቱ ‹ሰም ኤንድ ሰብስታንስ› ይላል። የቅጠሉ ጅማቶች ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስል ከግራና ከቀኝ በጥቁር አረንጓዴ ተዥጎርጉረዋል፤ የተዥጎረጎረው ቦታ ከቀሪው ቅጠል ይልቅ ወጣ ገባ ብሎ ተኮማትሯል። ይህ የሆስታ ቫይረስ ኤክስ ምልክት ነው። ለሠራተኛው ሳሳየው፣ «አዲስ መልክ እያወጣ ነው፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን የሚፈልግ አለ» አለኝ።

መቼም አነጋገሩ ያለ ታሪክ አይደለም። ቫይረሱ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ከመታወቁ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ዝንጉርጉርነቱ እንደ ውበት ተቆጥሮ ‹ሌፐርድ ፍሮግ› እና ‹ብሬክ ዳንስ› በሚሉ ስሞች የተሸጡ ሆስታዎች ነበሩ፤ በኋላ በሽተኛ መሆናቸው ታወቀ። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ መጣል ብቻ ነው። የሚተላለፈው በተክሉ ጭማቂ በመሆኑ አንዱን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ሌላውን ከቆረጠ በቂ ነው፤ የተያዘው ተክል ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ መሸጫ አንድም ሳልገዛ ወጣሁ። ‹ዊ!› አሳዘነኝ።

አይዋ ገብተን በዲኮራ በኩል አለፍን። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የድሮ የአትክልት ዘሮችን ከ1975 ጀምሮ የሚጠብቅ ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ የሚባል ድርጅት እርሻ አለ። ለሆስታ ይህ መንገድ አይሠራም፤ ‹ብሉ ማውስ ኢርስ› የምትባለውን ትንሽ ሆስታ ዘር የዘራ ሰው የሚያበቅለው ‹ብሉ ማውስ ኢርስ›ን አይደለም። አንድ ሆስታ ዓይነቱን የሚጠብቀው ከነሥሩ ሲከፈል ወይም በላብራቶሪ ሲባዛ ብቻ ነው።

ዱቡክ የደረስነው አመሻሹ ላይ ነው። ከተማዋ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ገደሉን ተደግፋ የተሠራች ናት። የከተማዋ አርቦሬተም የሚተዳደረው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው፤ የሆስታው ስብስብ ከ13,000 በላይ ተክሎችና ከ700 በላይ ዓይነቶች እንዳሉት ይነገራል። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ገባን። የማሰሮውን ሆስታ ካየሁ በኋላ መሬት ውስጥ ዓመታት የኖረውን ማየቴ ነው ጉዞውን ሁሉ የካሰልኝ።

‹ኢምፕረስ ዉ› ፊት አክስቴን አቆምኳቸው፤ ተክሉ ከወገባቸው በላይ ይደርሳል። በ2008 የተመዘገበች የኢንዲያና ሆስታ ናት፤ ስታድግ ቁመቷ ከ1 ሜትር ያልፋል፤ ስፋቷ ከዚያም ይበልጣል። በማሰሮ ስትገዛ ግን ከሌሎቹ አትለይም፤ ገዢው በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተክላትና በአራተኛው ዓመት ጎረቤቶቿን ሁሉ ታፍናለች። ዛሬ እንደ አዲስ የሚሸጠው ‹ዉ ላ ላ›፣ ብሩህ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው፣ ከእርሷ የወጣ ነው። እናቱን ካየሁ በኋላ ለእኔ ግቢ እንደማይሆን ወሰንኩ። በሌላው ጫፍ ‹ብሉ ማውስ ኢርስ› አለች፦ ወፍራም ክብ ቅጠሎች፣ ከጫማ ሳጥን ብዙም የማትበልጥ። ቅጠሏ ወፍራም በመሆኑ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ እንደ ሌሎቹ ወንፊት አላደረጋትም። ከእርሷ የወጡት ትንንሽ ሆስታዎች ዛሬ ቁጥራቸው በዝቷል፤ ‹ሚኒ ስከርት› ከዚያ ወገን ነው፤ ባለ ቢጫ ጠርዝና ሞገደኛ።

«እኛ አገር አይበቅልም?» አሉ አክስቴ።

ሆስታ እንቅልፍ ይፈልጋል አልኳቸው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ለሳምንታት ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ካልቀዘቀዙ በቀጣዩ ዓመት እየቀጨጩ ይሄዳሉ፤ በደቡብ ፍሎሪዳ የማይዘልቁት ለዚሁ ነው።

«ደብረ ብርሃን እኮ ውርጭ ነው።»

«ሌሊቱ ነው እንጂ፤ ቀን ቀን ፀሐዩ ይቀሰቅሰዋል ብዬ እፈራለሁ።»

ሙቀት የሚችለው ፕላንታጂኒያ የሚባለው የቻይና ሆስታ ነው። በነሐሴ ትልልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፤ የሚከፈተውም ወደ ማታ ነው፤ ሽታውም ከሆስታዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ‹ፍራግራንት ቡኬ› የእርሱ ዘር ሲሆን፣ ከዚያ ‹ጉዋካሞሌ›፣ ከ‹ጉዋካሞሌ›ም ‹ስቴይንድ ግላስ› ወጥተዋል፤ ሦስቱም በየተራ የዓመቱ ሆስታ ተብለዋል። አክስቴ የሚሸት ነገር ካልሆነ ስለማይጥማቸው በዚህ ብቻ ተስማማን። የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሳይኖር ሕያው ተክል በሻንጣ ይዞ መግባት እንደማይቻል ስነግራቸው ግን ቅር አላቸው።

ትእዛዜን ከተመለስኩ በኋላ ላክሁ፤ ከሌላ ሻጭ፣ በሚያዝያ እንዲደርስ። ሁለት ‹ኦተም ፍሮስት› የጠዋት ፀሐይ ለሚያገኘው የአጥሩ ዳር፣ አንድ ‹ዳይመንድ ሌክ› ከሜፕሉ ሥር፣ ‹ስቴይንድ ግላስ› በሩ አጠገብ፣ ‹ሚኒ ስከርት› ደግሞ ጥንቸል በማይደርስበት ከፍ ያለ መደብ ላይ። ‹ዊ!›ም ገብቷል። ‹ፈርስት ብለሽ›ን አላዘዝኩም፤ በሐምሌ መጨረሻ የአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ቀዩን ጠርዝ እንደያዘ ካየሁት ያን ጊዜ እንነጋገራለን።