ለሦስት ፔዳል 32 ሳንቲሜትር

እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ባለው ግቢያችን፣ በቆርቆሮ ጥላ ስር፣ አንድ አሮጌ ፊያት 1100 በእጄ እየሠራሁ ሦስተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። ጣሪያው ተቆርጦ ዝቅ ብሏል። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የኮሮላ ዲኤክስ ናቸው፤ ክብደቱ ወደ መሀል እንዲመጣ ብዬ ሞተሩን ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ካምቢዮው ደግሞ የእግር ቦታውን በላው። ወንበሩን አስሬ፣ የመሪውን ዘንግ ገጥሜ፣ ካምቢዮውን በላሜራ ሸፍኜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ፔዳል ያስታወስኩት። በግራ የጎማው ቤት፣ በቀኝ የካምቢዮው ሽፋን፣ መሀል ላይ የቀረኝ 29 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ፔዳሎች ከላይ አንጠልጥዬ ሠራኋቸው። ከፍሬኑ ላይ እግሬን ሳነሳ ጉልበቴ የመሪውን ዘንግ ይመታል፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ የጫማዬ ጠርዝ ፍሬኑንም ይዞ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን በአንድ ማለዳ በግራይንደር ቆርጬ አወጣሁት። በጣም አዘንኩ።

ሰፈራችን ውስጥ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ያላቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው አሉ። መጥተው አዩና "ልጄ፣ ብረቱን ተወው፤ መጀመሪያ ጫማህን ለካ" አሉኝ። 42 ቁጥር የሥራ ጫማዬ ሰፊው ቦታው ላይ 10.5 ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኘ። ስሕተቴ እዚህ ጋ ነበር። የፔዳሎቹን ስፋት ደምሬ "ይገባል" ብዬ ነበር፤ ቦታ የሚይዘው ግን ፔዳሉ ሳይሆን ጫማው ነው። ስለዚህ ከመሀል እስከ መሀል ለካሁ። ሁለቱ እግሮች አንድ ላይ የሚወርዱት ፍሪሲዮንና ፍሬን ላይ ነው፣ ለነሱ 11.5 ሰጠሁ። ፍሬንና ቤንዚን የሚረግጠው አንድ እግር በመሆኑ 9.5 በቃቸው። በግራና በቀኝ ከግድግዳው እስከ ዳር ፔዳሎች መሀል 5.5፣ 5.5። ድምሩ 32 መጣ። የጎደለኝን 3 ሳንቲሜትር ያገኘሁት የካምቢዮውን ሽፋን እንደገና ቆርጬ በማጥበብ ነው፤ ሞተሩ ሲወዛወዝ ብረት ከብረት እንዳይነካ 2 ሳንቲሜትር ክፍተት አስቀርቻለሁ።

ሁለተኛውን ዙር በብረት አልጀመርኩም። ፔዳሎቹን ከኮምፔርሳቶ ቆርጬ ወለሉ ላይ በጊዜያዊነት ቸነከርኩና ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ ረገጥኩ። ታናሽ ወንድሜ 44 ቁጥር ጫማውን አድርጎ ሞከረው። ፍሪሲዮኑ ወለል ድረስ ሲወርድ እንኳ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፤ ካልሆነ ዳሌ ከወንበሩ ይንሸራተታል። ወንበሩን 4 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ የሳብኩት ያኔ ነው።

በዚህ በሁለተኛው አሠራር ፔዳሎቹ የቆሙት ከወለል ነው። የፍሬን ማስተሩ (እርግጫውን ወደ ዘይት ግፊት የሚለውጠው ሲሊንደር) ወለሉ ስር፣ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ጎን ገባ። ዘይት መያዣውን ግን ሞተር ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ በጎማ ቱቦ አገናኘሁት፤ ማስተሩ ከጎማዎቹ ፍሬን ዝቅ ሲል ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይረዳል፣ ለማየትም ይመቻል።

ሰርቮ (የእግርን ኃይል የሚያግዘው መሣሪያ) የሚገባበት ቦታ የለም፤ ኃይሉ ሁሉ ከእግር ነው የሚመጣው። የእንጦጦን ቁልቁለት በሞቀ ፍሬን የወረደ ሰው ይህን ሒሳብ አይንቀውም። ከፔዳሉ ማጠፊያ እስከ መርገጫው 24፣ እስከ ማስተሩ ገፊ ዘንግ 4 ሳንቲሜትር አደረግኩት፤ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። በ30 ኪሎ ስረግጥ ዘንጉ በ180 ኪሎ ይገፋል። ሶማሌ ተራ ካገኘኋቸው ማስተሮች ፒስተኑ 22 ሚሊሜትር የሆነውን ትቼ ቀጭኑን፣ 19ኙን መረጥኩ። በተመሳሳይ እርግጫ ግፊቱ በሲሶ ያህል ይበልጣል፣ ፔዳሉም በዚያው ልክ ረጅም መንገድ ይወርዳል። ክንዶቹን ምናለሽ ተራ ከገዛሁት 10 ሚሊሜትር ብረት ቆረጥኩ፤ የነሐስ ቡሹን (ማጠፊያው የሚዞርበትን ቀለበት) ጋሼ ቶርኖ ላይ አወጡልኝ።

በሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ የመጀመሪያውን ዙር ሳልጨርስ መኪናው መጎተት ጀመረ፤ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ፤ ቸርኬው እጅ አያስነካም። ገፊውን ዘንግ ከማስተሩ ፒስተን ጋር አጥብቄ ገጥሜው ኖሯል። ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ካልተመለሰ ማስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ የመመለሻ ቀዳዳ ተዘግታ ትቀራለች፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ መሄጃ ያጣና ፍሬኑን ራሱ ይይዘዋል። ዘንጉ ላይ 1.5 ሚሊሜትር ክፍተት ሰጠሁት። በስድስት እጥፍ ሲባዛ መርገጫው ላይ 9 ሚሊሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይሆናል፤ አሁን ዘወትር ሳልነዳ በፊት በእጄ ገፍቼ አየዋለሁ።

የቤንዚኑን ፔዳል በብረት ዘንግ ከካርቡሬተሩ ጋር አገናኝቼው ነበር። ሞተሩ በጎማ ማረፊያው ላይ ሲወዛወዝ ዘንጉን ራሱ እየሳበ ያለ እግሬ ቤንዚን ይሰጥ ስለነበር በሽቦ ቀየርኩት፣ አንዱ ሞላ ቢበጠስ ሌላው እንዲመልሰው ሁለት ሞላ አደረግኩ። ከፔዳሉ ስር ደግሞ ቡሎንና ዳዶ ያለው ማቆሚያ አለ፤ ካርቡሬተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ፔዳሉ እዚያ ያርፋል፣ የእግር ክብደት ሽቦው ላይ አይወድቅም።

የቀረኝ የግራ እግር ማሳረፊያ ነው። ከፍሪሲዮኑ በስተግራ ቦታ ስለሌለ ተረከዜን ወደ ኋላ ስቤ ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ። የጎማው ቤት ከታች በኩል ትንሽ ያዘነብላል። በዚህ ሳምንት እዚያ ላይ በካርቶን ልክ እየወሰድኩ ነው፣ የክረምት ቦቴን አድርጌ።