ፐርሚሽን ዲናይድ ሲመጣ መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ዴቭኦፕስ እየተማርን ያለን ልጆች ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ስንገናኝ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። «ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፤ ፓይፕላይኑ ላይ ሲደርስ ፐርሚሽን ዲናይድ ይላል፤ ምን ላድርግ?» ፓይፕላይን ማለት ኮዳችንን በራሱ የሚገነባና የሚፈትሽ የሥራ ሰንሰለት ነው፤ ፐርሚሽን ዲናይድ ደግሞ «ፈቃድ የለህም» ማለት ነው። የተለመደው መልስም ወዲያው ይመጣል። «ችሞድ 777 በለው!» ፋይሉን ማንም እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያስኬድ ክፈተው ማለት ነው። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ሰሞኑን የቢሯችንን ፓይፕላይን ከላይ እስከ ታች ስፈትሽ ቆይቻለሁና ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የጊትላብ ራነሩን፣ ማለትም የፓይፕላይኑን ሥራዎች (ጆቦች) የሚያስኬደውን ፕሮግራም፣ የጫንነው ፒያሳ ባለው ቢሯችን አንድ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ምክንያቱ ዳታ ነው። ኢሜጆቹ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገባቸው ጥቅሎች) አንዴ ከወረዱ እዚያው ዲስኩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለየቢልዱ እንደገና አይወርዱም። በራስ ማሽን መሥራት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጊትሃብና ጊትላብ የሚያቀርቧቸው ማሽኖች ጆቡ ሲያልቅ ይወገዳሉ። የእኛው ግን ትናንት የተፈጠረውን ፋይል ዛሬም ይዞ ይጠብቀናል። አብዛኛው የፐርሚሽን ችግራችን የሚመጣው ከዚህ ነው።

መሠረቱን ላስቀድም። ሊኑክስ ፋይሉ የማን እንደሆነ የሚመዘግበው በቁጥር ነው። ስሙ የሚገኘው ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ካለው የዩዘሮች ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ኮንቴይነር (ከኢሜጅ ተነስቶ ከማሽኑ ተለይቶ የሚሠራ ፕሮግራም) ደግሞ የራሱ ዝርዝር አለው። ስልክ ላይ እንደምንመዘግበው ነው። እናንተ «እማዬ» ያላችኋትን ጎረቤት «እትዬ» ብሎ መዝግቧት ይሆናል፤ መስመሩ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው። ሩት፣ ሁሉ የሚፈቀድለት ዋናው ዩዘር፣ የትም 0 ነው። በኦፊሴላዊው የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ኢሜጅ ውስጥ ኖድ የሚባለው ዩዘር 1000 ነው። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ተራ ዩዘርም ብዙ ጊዜ 1000 ነው። ሁለቱ ጨርሶ አይተዋወቁም፤ ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) ግን አንድ ሰው ናቸው። ይህ ከገባችሁ ቀሪው ቀላል ነው።

አሁን አንዱን ችግር ቀረብ ብለን እንየው። ጆባችን ፎልደሩን ወደ ኮንቴይነር አስገብቶ በኤንፒኤም (በኖድ ፓኬጅ ማስተዳደሪያ) ቢልድ ያደርጋል፤ ውጤቱን ዲስት የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ዙር አረንጓዴ ይሆናል። ሁለተኛው ገና ኮዱን ሲያወርድ ይቆማል። ጊት የድሮውን ዲስት ለማጥፋት ሞክሮ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የቢልድ ስክሪፕቱን ማገላበጥ ይጀምራል። ስክሪፕቱ ግን ገና አልተነካም። ማየት ያለብን ሁለት ነገር ነው። አይዲ የሚለው ትዕዛዝ ራነሩ ማን እንደሆነ ይነግረናል፤ በእኛ ማሽን 998 ነው። ኤልኤስን ከኤልና ከኤን ጋር ብንሰጠው ደግሞ በስም ፋንታ ቁጥር ያወጣል፤ ዲስት ላይ 0 እና 0 ይነበባል። ነገሩ አለቀ። ዶከር (ኮንቴይነር የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካልነገሩት በቀር ኮንቴይነርን እንደ ሩት ያስነሳል፤ ፋይሉን የጻፈው 0 ነው፤ ሊያጠፋ የመጣው 998 ነው። አይችልም፣ ሊችልም አይገባም።

እዚህ ላይ ሰው የሚመርጠው መንገድ ጆቡ ሲያልቅ ቻውን በሚባለው ትዕዛዝ ባለቤትነቱን የሚመልስ መስመር መጨመር ነው። ይሠራል፣ መብራት እስካልጠፋ ድረስ። ቢልዱ መሃል ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ያቺ የመጨረሻ መስመር ሳትደርስ ትቀራለች፤ መብራት ሲመጣ ፎልደሩ በ0 ፋይሎች እንደተሞላ ይጠብቃችኋል። ጆቡን በመሃል ካንስል ስናደርገውም ያው ነው። ስለዚህ እኔ ችግሩን ከምንጩ ማድረቅ እመርጣለሁ። ዶከር ራን ሲባል ዩዘር በሚለው አማራጭ የራነሩን የዩዘርና የግሩፕ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥሩን በእጅ ከመጻፍ ከአይዲ ትዕዛዝ ቢወሰድ ይሻላል፤ ማሽን ቢቀየርም አይበላሽም። ያኔ ዲስት ሲፈጠር ጀምሮ የ998 ይሆናል።

ይህን ስታደርጉ ሌላ ነገር ብቅ ይላል፤ እንዳትደነግጡ። ኮንቴይነሩ ውስጥ 998 የሚባል ሰው አልተመዘገበም። ባሽ ከከፈታችሁ ስም በሚጻፍበት ቦታ «አይ ሃቭ ኖ ኔም» የሚል ታያላችሁ። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚያመጣው ሆም የሚባለው ተለዋዋጭ ነው። ዩዘሩ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ሆም የሚሆነው የሲስተሙ ሥር፣ ማለትም ስላሹ ብቻ ነው። ኤንፒኤም ካሹን (ያወረዳቸውን ፓኬጆች ማከማቻ) እዚያ ሊያስቀምጥ ይሞክራል፤ ከዚያ ኢአክሰስ የሚል ስህተት ይመጣል። መፍትሔው ሆምን ቴምፕ ፎልደር ላይ ማድረግ፣ ወይም የኤንፒኤም ካሽን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ጊት ከዲስት ጋር አብሮ እንዳያጠፋው በጊትላብ የካሽ ቅንብር ላይ ካስመዘገብነው ካሹ ለሚቀጥለው ጆብ ይተርፋል፤ ፓኬጆቹን እንደገና አናወርድም።

ላፕቶፕ ላይ ለምን ይሠራል ላላችሁት፣ ማክ የምትጠቀሙ ልጆች ዶከር ዴስክቶፕን ተመልከቱ። ኮንቴይነሮቹ የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፤ ፋይል ማጋሪያው የቁጥር ልዩነቱን መሃል ላይ ይሸፍንላችኋል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ይህ ሽፋን የለም። ስለዚህ ማክ ላይ መሥራቱ ስለ ፐርሚሽን ምንም አያረጋግጥም።

ኢሜጅ ራሳችን ስንሠራም ያው ቁጥር ይከተለናል። ዶከርፋይል ውስጥ «ዩዘር ኖድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ በኮፒ የገቡ ፋይሎች የኖድ የሚሆኑ ይመስላል። አይሆኑም። ኮፒ በግልጽ ካልተነገረው ፋይሉን ለ0 ነው የሚሰጠው። ኮፒው ላይ ቻውን የሚለውን አማራጭ አብሮ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ከታች በራን መስመር መላውን ፎልደር ቻውን ያደርጋል። ለእኛ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የኢሜጅ ሌየር (ኢሜጁ የተደራረበበት ንብርብር) የፋይሉ ባለቤት ብቻ ቢቀየርም ሙሉውን ፋይል እንደገና ይይዛል። 300 ሜጋ ባይት የሚሆን ኖድ ሞጁልስ (የፓኬጆቹ ፎልደር) ላይ እንዲህ ካደረጋችሁ ኢሜጁ ሌላ 300 ሜጋ ይጨምራል። በሞባይል ዳታ ፑሽ ለሚያደርግ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

የዶከር ሶኬትን፣ ማለትም ለዶከር ትዕዛዝ የሚገባበትን ፋይል፣ በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ራነሩ ዶከርን ማዘዝ ሲያቅተው «ዶከር ዴመን ሶኬት» የሚል ፐርሚሽን ዲናይድ ይመጣል። ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሩት ነው፤ ግሩፑ ዶከር፣ ፈቃዱ 660 ነው፤ ባለቤቱና ግሩፑ ብቻ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። እባካችሁ ለሁሉም የሚከፍተውን 666 አታድርጉት። ሶኬቱ ላይ መጻፍ የቻለ ፕሮሰስ ሁሉ የማሽኑን ሙሉ ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ አስገብቶ እንደ ሩት መሥራት ይችላል። ራነሩን ዶከር ግሩፕ ውስጥ ማስገባትም ቢሆን ሩት ከመስጠት የሚለየው በጥቂቱ ነው። ቢያንስ ግን ማን እንደተፈቀደለት ይታወቃል። ግሩፑ ውስጥ ካስገባችሁት በኋላ ራነሩን እንደገና አስነሱት፤ ቀድሞ የተነሳ ፕሮሰስ አዲሱን ግሩፕ አያውቀውም። ሶኬቱ ኮንቴይነር ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ወሳኙ አሁንም የግሩፑ ቁጥር ነው። ግሩፕ አድ በሚለው አማራጭ የማሽኑን ቁጥር ስጡት፤ ኢሜጁ ውስጥ ያለው ዶከር ግሩፕ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ከባለቤትነት ጋር የማይገናኝ ፐርሚሽን ዲናይድም አለ። ጆቡ 126 ብሎ ከወጣ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ግን እንዲሠራ አልተፈቀደም ማለት ነው። 127 ከሆነ ጭራሽ አልተገኘም። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ጊት ውስጥ 100644፣ ማለትም የማስኬድ ፈቃድ የሌለው፣ ሆኖ ይገባል፤ መሆን ያለበት 100755 ነው። ጊት አፕዴት ኢንዴክስ ላይ ችሞድ ፕላስ ኤክስ ብሎ ኮሚት ማድረግ ይበቃል። ፓይፕላይኑ ውስጥ ችሞድ መደርደር አያስፈልግም።

ጊት ራሱም ባለቤት ያያል። ከ2022 ጀምሮ፣ ከቨርዥን 2.35.2 ወዲህ፣ ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) የሌላ ዩዘር ከሆነ ይቆማል፤ በአዲሶቹ ቨርዥኖች መልእክቱ «ዱቢየስ ኦነርሺፕ» ይላል። የደህንነት ክፍተት ለመዝጋት የገባ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሴፍ ዳይሬክተሪ በሚለው የጊት ቅንብር ላይ ያንን አንድ ፎልደር ብቻ መዝግቡ። ሁሉንም የሚፈቅደውን ኮከብ ምልክት ግን የጋራ ማሽን ላይ አልመክርም።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት ሩትለስ ዶከርን፣ ማለትም ያለ ሩት ፈቃድ የሚሠራውን ዶከር፣ ነው። እዚያ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው 0 ውጭ ላይ እኔው ተራው ዩዘር ነኝ፤ የሩት ፋይል የሚባል ነገር ፎልደሬ ውስጥ አይቀርም። ሌሎቹ ቁጥሮች ግን ይሸጋሸጋሉ። የተመደበልኝ ክልል ከ100000 ስለሚጀምር፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ 1000 የሆነው ኖድ የጻፈው ፋይል ውጭ ላይ 100999 ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ስታዩት ግር ይላል። ኮንቴይነሩ ውስጥ 1 የሆነው ውጭ 100000 እንደሆነ ካሰባችሁ ግን ሒሳቡ ይገጥማል። ስለዚህ በሩትለስ ከላይ ያልኩት ይገለበጣል፤ ቢልዱን እንደ 0 ማስኬዱ ነው ፋይሉን የእኔ የሚያደርገው። ራነራችንን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ለማዛወር የቀረኝ የድሮዎቹን የካሽ ፎልደሮች ባለቤት ማስተካከል ነው። ፖድማን (የዶከር አማራጭ) የምትጠቀሙ ካላችሁ የዩዘሩ ቁጥር እንዳይሸጋሸግ የሚያደርገው ኪፕ አይዲ የሚለው አማራጭ ትልልቅ ካሽ ላይ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልኝ።