ቅዳሜን ከካሴቶቹ ጋር

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከአባቴ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኋቸውን የበገና መዝሙሮች ድምፁን ከፍ አድርጌ ስሰማ፣ ተከትሎ የመጣው አዲስ የሠርግ ዘፈን ቤቱን አናወጠውና ትንሿ ልጄን ከእንቅልፏ አባነናት። የአንዱ ፋይል ድምፅ ደክሞ የሌላው የሚጮኽበትን፣ ለዓመታት ሳባብለው የኖርሁትን ችግር ለመጨረስ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ዋልሁ።

ከዚህ በፊት በኦዳሲቲ፣ በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም፣ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቼ የድምፃቸው ጫፍ፣ ማለትም ከፍተኛው ነጥብ፣ እኩል እንዲሆን አድርጌ ነበር፤ ውጤቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጆሮ የድምፅን ብርታት የሚመዝነው በአንድ ቅጽበት ጫፍ ሳይሆን በአማካይ ኃይሉ ስለሆነ፣ በአንዲት የከበሮ ምት ጫፉን የነካው መዝሙር እንደ ደከመ ይቀራል፤ ከዳር እስከ ዳር ተጨምቆ የተሠራው ዘፈን ግን እንደ ጮኸ ይቀጥላል። ኤምፒስሪን ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥም በየጊዜው ጥራቱን እንደሚሸረሽር የተረዳሁት፣ ያሳዝናል፣ ዘግይቼ ነው።

ዛሬ የተጠቀምሁት ዴቪድ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበውን፣ ሪፕሌይጌይን የተባለውን የድምፅ ብርታት ማስተካከያ ዘዴ ነው። ዘዴው ድምፁን ሳይነካ፣ ከ89 ዴሲቤል መነሻው ጋር እያነጻጸረ ስንት መጨመር ወይም መቀነስ እንዳለበት በፋይሉ ታግ (ከድምፁ ጋር በሚቀመጠው የጽሑፍ መረጃ) ላይ ይጽፋል፤ ማጫወቻው ያንን አንብቦ ያስተካክላል። ለሠርጉ ዘፈን ዘጠኝ ዴሲቤል ቀነሰለት፤ ለአንዱ መዝሙር ሰባት ጨመረለት።

የተሳሳትሁት ሁሉንም በተናጠል ማስላቴ ላይ ነው። በአንዱ ካሴት መግቢያ ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ በገናውን ሲቃኝ የሚሰማበት አጭር ክፍል አለ፤ ፕሮግራሙ ያንን ከመዝሙሩ እኩል ሲያደርገው የካሴቱ ሽሽታ ክሩን ዋጠው፣ የጉሮሮው ድምፅም አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጎላ። ስለዚህ እያንዳንዱን ካሴት እንደ አንድ አልበም አስልቼ፣ በውስጡ ያለው ልዩነት እንደነበረ እንዲቆይ አደረግሁ። ቀስ ብሎ የተቃኘ በገና ቀስ ብሎ ይሰማ።

የቀረኝ መኪናው ነው፤ አሮጌው ማጫወቻዬ ታግ አያነብም። ለፍላሹ በተገለበጡት ቅጂዎች ላይ ብቻ ኤምፒስሪጌይን የተባለውን ፕሮግራም ተጠቀምሁ፤ እርሱ ፋይሉን ዳግም ሳይጨምቅ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የድምፅ ኃይል ቁጥር በ1.5 ዴሲቤል እርምጃ ይቀይራል፣ ሲያስፈልግም ይመልሰዋል። ነገ ወደ ቢሾፍቱ ስንወርድ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጬ እሞክረዋለሁ።