ሞተሩን ከማስጠቅለላችሁ በፊት ካፓሲተሩን ለኩ

የውሃ ፓምፑ ሞተር «እምምም» ይላል እንጂ አይዞርም። ያመጣሁት ባለሙያ የካፓሲተሩን (ቻርጅ የሚይዘውን፣ ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ) ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር ኦም ነካ ነካ አደረገና «ይሄ ደህና ነው፤ ዋይንዲንጉ ነው የተቃጠለው፣ ይጠቅለል» አለኝ። ዋይንዲንግ ማለት ሞተሩ ውስጥ የተጠቀለለው የመዳብ ሽቦ ነው። አሁንም ሳስበው ይከነክነኛል። የተቃጠለ ዋይንዲንግ ብዙውን ጊዜ ይሸታል፣ ቫርኒሹ ይጠቁራል፣ አለዚያም ብሬከር ይጥላል። የእኔው ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም።

ራሴ ልፈታው ወሰንኩ። ቡሎኖቹን ፈታሁ፣ የገመዶቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ዘንጉን በእጄ ሳዞረው ያለችግር ዞረ፤ ስለዚህ ኩሽኔታው አልያዘም።

ያንገላታኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እኔ የለመድኩት ማግኔት ያለውን ትንሽ የዲሲ ሞተር ነው። እሱ ግልጽ ነው። ካርቦኖቹ ኮሙቴተሩን (ዘንጉ ላይ ያለውን የተከፋፈለ የመዳብ ቀለበት) እየነኩ የከረንቱን አቅጣጫ በየግማሽ ዙሩ ይገለብጣሉ፤ ግፊቱም ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሆናል። ሁለቱን ገመድ ካቀያየራችሁ ወደ ኋላ ይዞራል። አለቀ።

የፓምፑ ሞተር ግን ካርቦንም ኮሙቴተርም የለውም። ወደ ሮተሩ (ወደሚዞረው ክፍል) የሚገባ ገመድ የለም። የስታተሩ (የማይዞረው ክፍል) ማግኔታዊ መስክ ሲለዋወጥ ሮተሩ ውስጥ ከረንት ይፈጠራል። በሶስት ፌዝ መስኩ ራሱ ስለሚዞር ሮተሩ ይከተለዋል። እንደ እኔው ፓምፕ በአንድ ፌዝ ሲሆን ግን መስኩ አይዞርም፤ እዚያው ባለበት ይጠነክራል፣ ይደክማል። በ50 ኸርዝ መስመር ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሆናል። «እምምም» የሚለው እሱ ነው።

ለማስነሳት ሁለተኛ ዋይንዲንግ አለ። ካፓሲተሩ የዚህን ዋይንዲንግ ከረንት ከዋናው ያስቀድመዋል፤ ጊዜያቸው ሲለያይ መስኩ መዞር ይጀምራል። ካፓሲተሩ ከደከመ የሚያስነሳ ጉልበት የለም።

ወደዚያ የኦም ልኬት ልመለስ። በኦም የሚታየው ካፓሲተሩ ሾርት አለማድረጉና አለመቋረጡ ብቻ ነው። ስንት እንደሚይዝ አይነግራችሁም! ማይክሮፋራድ (የካፓሲተሩን የመያዝ አቅም) በሚለካ መልቲሜትር ስሞክረው፣ ላዩ ላይ 20 የተጻፈበት ካፓሲተር 8 አሳየኝ። በዚህ ምክንያት ነው ጤነኛ መዳብ ተቆርጦ ሊጣል የነበረው።

መመሪያው «ከባለሙያ በስተቀር ማንም አይክፈተው» ይላል። እኔ አልስማማም፤ ይቺን ልኬት ማንም ጠንቃቃ ሰው ይችላታል። ግን ሶኬቱን ንቀሉ። ካፓሲተሩ ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይይዛል፤ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አራግፉት። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በካቻቪቴ አታጋጩት። ስትቀይሩ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ከበፊቱ አይነስ። «ትልቅ ይሻላል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ትርፉ ሁለተኛውን ዋይንዲንግ ማጋል ነው።

ደግሞ እያጉረመረመ አትተዉት። ቆሞ የሚስበው ከረንት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ያኔ በእውነት ይቃጠላል።

ካፓሲተሩን ስቀይር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ኩራት ኩራት አለኝ፣ አልደብቅም። በነገራችን ላይ፣ አቅጣጫው ከተገለበጠባችሁ ሶኬቱን ገልብጣችሁ አትድከሙ። እዚህ የዲሲው ዘዴ አይሰራም፤ የአንዱን ዋይንዲንግ ብቻ ሁለቱን ጫፎች አቀያይሩ።