ሚያዝያ 7ን ስጠብቅ

ዛሬ አመሻሹ ላይ ጣና ዳር ተቀምጬ ኢሜይሌን ደጋግሜ ስከፍት፣ አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ከውኃው አውጥተው ሲያቆሙ አየኋቸው። «ምን ትጠብቃለህ ልጄ?» አሉኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ካመለከትኩባቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በተጠባባቂነት እንደያዘኝ፣ የገንዘብ ድጋፍ የተፈቀደላቸው ተማሪዎችም በብዙዎቹ ዘንድ እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ መልስ እንዲሰጡ ስለማይገደዱ፣ ቦታ ከተለቀቀም የሚለቀቀው በዚያ ሰሞን እንደሆነ አስረዳኋቸው። እንቢ መባሉን እችለው ነበር፤ የከበደኝ ዕጣዬ ጨርሶ በማላውቀው ሰው ውሳኔ ላይ መንጠልጠሉ ነው።

እርሳቸው ዝም ብለው ደንገሉን በመዳፋቸው ይጫኑታል፤ በተጫኑት ቁጥር ቡናማ ውኃ በጣቶቻቸው መካከል ይወርዳል። ውኃ የጠጣ ታንኳ ካልደረቀ ይከብዳል።

«ይህስ ስንት ቀን ይቆያል?» አልኳቸው።

«እስኪቀል ድረስ ነዋ» አሉኝ።

ስልኬን ኪሴ ከትቼ በሌላው ጎን ደገፍኩላቸው።