ሮማንን ማን አስታወሳት?

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ነበርን። ከጊዮርጊስ ብዙ የማትርቅ፣ ከፈረሳው የተረፈች አንዲት ካፌ አለች። አራት ሆነን ተቀመጥን። ሦስት ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ። ሻዩ የኔ ነው፤ ጨጓራዬ ቡና ከከለከለኝ ቆየ። ወሬው ከቤት ኪራይ ተነስቶ፣ በየት በኩል እንደዞረ እንጃ፣ የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ላይ ደረሰ።

ዋናውን ገጸ ባሕሪ፣ ጸጋዬ ኃይለማርያምን፣ ሁላችንም እንወደዋለን። ፊያሜታማ አይወራ! አንዷ ጓደኛችን ለልጇ ስሟን ልታወጣላት ነበር፤ ባሏ ነው እምቢ ያለው። እኔ ነገር ፈልጌ «አዲስ አበባ ጥሏት የሄደው እጮኛውስ ስሟ ማን ነበር?» አልኩ። ፀጥ። አንዱ ጣሪያውን አየ። ሌላው ስልኩን ሊያወጣ ሲል «ጉግል የለም!» ብለን ጮህንበት። አልመጣላቸውም። እኔም ብሆን መጽሐፉን በዚያው ሳምንት ደግሜ ባላነበው ኖሮ አልመልሰውም ነበር።

ሮማን ናት።

መጀመሪያ ሳነበው 19 ዓመቴ ነበር፤ ስድስት ኪሎ ተማሪ ሳለሁ። ሽፋኑ የተገነጠለ ቅጂ ለሁለት ቀን ብቻ ደረሰኝ። ጸጋዬ ጋዜጠኛ ነው። ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ አስመራ ይላካል። እጮኛው ትጠብቀዋለች፤ እሱ እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። እኔ ደግሞ በሻማ እያነበብኩ «እንኳን ወደድክ!» እላለሁ።

አሁን 41 ሞላኝ። በመሃል አንድ ነገር ሆኗል። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዶ የቀረ ሰው እኔም ነበረኝ። የሠርግ አዳራሽ ቀብድ ከፍለን ነበር። ሰውየውም ቀብዱም አልተመለሱም።

እና ዘንድሮ መጽሐፉን ሳነሳ ለሮማን ልቆምላት ነበር ሐሳቤ። ጸጋዬን ልክ ልኩን ልነግረው ተዘጋጅቼ ጀመርኩ። መቶ ገጽ ሳልደርስ እንደ ድሮዬ ለሱ አደላሁ። በጣም ተናደድኩ።

አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። የሚያወራልን እሱ ነው። «እኔ» እያለ ሲነግረን ጥፋቱን ከነሰበቡ እንሰማዋለን። ሮማን ግን ሰበብ የምትነግርበት ገጽ የላትም። ሌላው ምክንያት በዓሉ ግርማ ራሱ ነው። እሱም ጋዜጠኛ ነበር፤ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉ በ1975 ወጣና ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቅሁ ጸጋዬ ላይ መፍረድ በዓሉ ላይ የመፍረድ ያህል ይከብደኛል። ለደራሲው ያለን ሐዘን ለገጸ ባሕሪው መከታ ሆኖታል።

«እኔ» ማለት ብቻ ነው እንዳልል ደግሞ የሩሲያዊው ደራሲ የዶስቶየቭስኪ ራስኮልኒኮቭ አለ። ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»ን መጀመሪያ «እኔ» እያለ ነበር የጻፈው። የጻፈውን አቃጠለና «እሱ» ብሎ እንደገና ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1866 ታተመ። ታዲያ ምን ለውጥ አመጣ? ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን አራጣ አበዳሪ በመጥረቢያ ገድሏል። ሳይታሰብ የገባችውን እህቷን ሊዛቬታንም ጨምሯል። ከዚያ ሰዎች ይመጡና ከውጭ በሩን ይጎትታሉ። እሱ ከውስጥ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። እኔም ውጬ! «እመቤቴ፣ እንዳይገቡ» አልኩ እኮ። ሊዛቬታ ወለሉ ላይ ተዘርራ፣ እኔ ለገዳይዋ እመቤቴን እጠራለሁ።

(የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ፉ ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ አንዴ አሳዝነውኛል። ገበሬዎቹ በማረኳቸው ጊዜ። ግን ያ ምናልባት መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከው የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ይሆናል። ወጋየሁ የገበያ ደረሰኝ ቢያነብልኝም አለቅስ ነበር።)

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ኦሮማይ»ን ያነበበችው ያኔ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ እየደበቀች ነው።

«እማዬ፣ የጸጋዬ እጮኛ ስሟ ማን ነበር?»

«ሮማን ነቻ!»

አፍታ እንኳ አላሰበችም። እንዴት አስታወስሽ አልኳት።

«የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወደዚያው ነበር እኮ የሚሄደው። ቁጭ ብለን የምንጠብቀው እኛ ነን።»

«ታዲያ ጸጋዬን አልጠላሽውም?»

«ምን በወጣው! ደህና ልጅ ነበር እኮ» አለችና፣ ሻይም ቢሆን በባዶ ሆዴ እንዳልጠጣ ትመክረኝ ጀመር።