የጃንጎ ነጥብ ዋጋ አላት

ጃንጎን (በፓይተን ዌብሳይት የሚሠራበትን ፍሬምወርክ) ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ ከአንድ ሞዴል፣ ማለትም የዳታቤዝ ሠንጠረዥን ከሚወክል ክላስ፣ ወደ ሌላው የሚኬድበት መንገድ ነው። መጽሐፍ የሚባል ሞዴል አላችሁ እንበል፤ ውስጡ ወደ ደራሲ የሚወስድ ፎሪን ኪይ (የደራሲውን አይዲ የሚይዝ ማገናኛ) አለ። «መጽሐፍ.ደራሲ.ስም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ሁለት ሠንጠረዥ የሚያገናኝ ጆይን መጻፍ የለ፣ የዳታቤዙን ቋንቋ ኤስኪውኤልን መነካካት የለ።

ግን ያቺ ነጥብ ከጀርባ ሥራ አለባት። ደራሲው ቀድሞ ካልመጣ ጃንጎ እዚያው ዳታቤዙ ጋ ሄዶ ያመጣዋል። ለአንድ መጽሐፍ ምንም አይደል። 100 መጽሐፍ በሉፕ ስትዘረዝሩ ግን መጻሕፍቱን ለማምጣት 1፣ ለደራሲዎቹ 100፣ በጠቅላላው 101 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ይሄዳል፤ መቶውንም የጻፈው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ ያው ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ አምስት ስድስት የሙከራ መጽሐፍ ብቻ ስላለ አይታወቃችሁም። ጉዱ የሚፈላው ሰርቨር ላይ ሲወጣ ነው፣ በተለይ ዳታቤዙ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ።

እንዲህ ሲሆን ሰሌክት_ሪሌትድ ተጠቀሙ፤ ደራሲውን በጆይን አብሮ ያመጣዋል፣ 101ዱ ኩዌሪ 1 ይሆናል። የደራሲው አይዲ ብቻ ከፈለጋችሁ ደግሞ እሱም አያስፈልግም፤ «መጽሐፍ.ደራሲ_አይዲ» በሉ፣ ቁጥሩ እዚያው መጽሐፉ ረድፍ ላይ አለ።

በተቃራኒው፣ ከደራሲ ወደ መጻሕፍቱ ስትሄዱ ፕሪፌች_ሪሌትድ ነው። ሁለት ኩዌሪ ልኮ ማዛመዱን ፓይተን ውስጥ ይጨርሳል። እዚህ ጋ ብዙ ጎበዝ ፕሮግራመር ሲሳሳት አያለሁ፦ ፕሪፌች አድርጎ ሲያበቃ ሉፑ ውስጥ «ደራሲ.መጻሕፍት.ፊልተር» ብሎ ይጠራል። ፊልተር አዲስ ኩዌሪ ነው! ቀድሞ የመጣው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ለእያንዳንዱ ደራሲ እንደገና ወደ ዳታቤዝ ይኬዳል። «ኦል» ብትሉ ኖሮ የመጣውን ይጠቀም ነበር። ማጣራት የግድ ከሆነ ፕሪፌች የሚባለውን ኦብጀክት ከነማጣሪያው ስጡትና በቱ_አትር ስም አውጡለት፤ ውጤቱ ተራ ሊስት ሆኖ ይመጣል።

ሪሌትድ_ኔምንም፣ ማለትም ከደራሲ ወደ መጻሕፍቱ የምትሄዱበትን ስም፣ አትርሱ። ካልሰጣችሁት ጃንጎ ራሱ የሞዴሉ ስም ላይ «_ሴት» ቀጥሎ ይሰይመዋል፣ ሞዴሎች ሲበዙ ኮዱን ማንበብ ያታክታል።

ይህን ሁሉ በዓይን መከታተል ስለማይቻል እኔ ዝርዝር በሚያሳይ ገጽ ሁሉ ላይ የኩዌሪዎቹን ብዛት የሚቆጣጠር አሰርት_ነም_ኩዌሪስ ያለበት ቴስት እጽፋለሁ። አንድ ሰው ቴምፕሌቱ (የገጹ ኤችቲኤምኤል) ውስጥ አዲስ ኩዌሪ የምታመጣ አንዲት ነጥብ ሲጨምር ቴስቱ ወዲያው ይወድቃል፣ የሄዱትን ኩዌሪዎችም ዘርዝሮ ያሳያል።